ከቦሎኛ እስከ ቤተልሔም፤ የተማሪ ደኅንነትና የከተማ ስም

ልጅ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መጽሐፉና ስለ መምህሩ አይደለም። «ለመሆኑ አገሩ እንዴት ነው? ሰላም ነው ወይ?» ይላል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆን በትሩን ይዞ ወደ ሩቅ የቅኔ ጉባኤ ይሻገር የነበረው የቆሎ ተማሪ እናትም፣ ልጇን ወደ ኒውዮርክ ወይም ወደ ቺካጎ ኮሌጅ የምትሸኘው የዛሬ እናትም ጥያቄያቸው አንድ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያይቱ መልሱን ከመንገደኛ ስትሰማ፣ ሁለተኛይቱ ከጋዜጣ፣ ከቴሌቪዥንና ከቁጥር ሠንጠረዥ መፈለጓ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የከተማን ስም ግን የሚያወጣው ወሬ ነው። አንድ ከተማ አንዴ «የነፍሰ ገዳዮች መናኸሪያ» ከተባለ ስሙ ለሃያ ዓመት ይከተለዋል። አንዲት ትንሽ ከተማ ደግሞ ኮረብታዋ ለምለም፣ ጎዳናዋ ጭር ያለ ስለሆነ ብቻ «ሰላማዊ» ትባላለች። ወላጅም በእነዚህ ስሞች ላይ ተመርኩዞ የልጁን ትምህርት ቤት ይመርጣል። ይህ መመዘኛ ምን ያህል የሚታመን ነው? ጥያቄው አዲስ ስላልሆነ መልሱን ከታሪክ መጠየቅ ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከተማውን ጥሎ የሚሄድ ተማሪ

ዩኒቨርሲቲ ገና ከጥንቱ የከተማ ልጅ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ፣ በቦሎኛ ከተማ ሕግ ለመማር ከየአገሩ የሚጎርፉት ወጣቶች በዚያ ባዕዳን ነበሩ። በመንገድ ይዘረፋሉ፤ ከዚያም አልፎ የአገራቸው ሰው ተበድሮ ባልከፈለው ዕዳ እነሱ ይያዛሉ። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ «ሀቢታ» በመባል የሚታወቀውን አዋጅ አወጣ። ለትምህርት የሚጓዝ ሰው በሰላም እንዲሄድና በሰላም እንዲቀመጥ፣ በሌላ ሰው ዕዳም እንዳይያዝ ደነገገ። ስለ ተማሪ ደኅንነት በአውሮፓ ከወጡት ሕጎች ቀደምቱ ይኸው ነው።

ሕግ መውጣቱ ግን ጠቡን አላቆመውም። በ1200 ፓሪስ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት የተጀመረ አምባጓሮ ሰፋና የከተማው ሹም ሰዎች ተማሪዎችን ገደሉ። ንጉሥ ፊሊፕ ዳግማዊ በዚያው ዓመት ተማሪዎችን ከሹሙ እጅ የሚጠብቅ ቻርተር ሰጠ። በ1229 እንደገና በመጠጥ ቤት ሒሳብ የተነሣ ጠብ ወደ ደም መፋሰስ አመራ። በዚህ ጊዜ መምህራኑ ጉባኤያቸውን አጥፈው፣ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከተማውን ለቀው ሄዱ። ሁለት ዓመት ያህል ፓሪስ ያለ ትምህርት ቀረች። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ አጋጣሚውን ተጠቅሞ «ወደ እኔ ኑ» ብሎ ጋበዛቸው። በ1231 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ የዩኒቨርሲቲውን መብት የሚያጸና ደብዳቤ ከጻፉ በኋላ ነው ነገሩ የበረደው።

በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነበር። በ1209 ኦክስፎርድ ላይ አንዲት ሴት ተገደለች። ተጠርጣሪው ተማሪ ሲሸሽ የከተማው ሰዎች አብረውት የሚኖሩትን ይዘው ሰቀሉ። መምህራንና ተማሪዎች ደንግጠው ተበተኑ፤ ከእነሱ ከፊሎቹ ኬምብሪጅ ገብተው ሠፈሩ። ዓለም የሚያውቀው የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዚያ ሽሽት ልጅ ነው። በ1355 የካቲት ወር ደግሞ እዚያው ኦክስፎርድ፣ በመጠጥ ቤት በቀረበ ወይን ጥራት የተነሣ ክርክር ለቀናት የዘለቀ ውጊያ ሆነና 60 ያህል የዩኒቨርሲቲው ሰዎችና 30 ያህል የከተማው ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ የከተማው ከንቲባ በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ የንስሐ ገንዘብ እንዲከፍል ተፈረደበት። ይህ ሥርዓት የቀረው በ1825 ነው።

ከዚህ ሁሉ ጠብ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የዚያን ዘመን ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ግቢ አልነበረውም። መምህሩ ቤት ተከራይቶ ያስተምራል፤ ተማሪውም ቤት ተከራይቶ ይማራል። ስለዚህ ከተማው ሲከፋበት ጓዙን ጠቅልሎ መሄድ ይችላል። ቤት አከራዩ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ወይን ሻጩ ገበያቸው እንዳይቀዘቅዝ ሲሉ የተማሪውን ሰላም ለመጠበቅ ይገደዳሉ። የተማሪው ዘበኛ እግሩ ነበር ማለት ነው።

መሄድ ያልቻለው ዩኒቨርሲቲ

ዘመን ሲለወጥ ዩኒቨርሲቲው ድንጋይ ተከለ። ቤተ መጻሕፍት፣ ላቦራቶሪ፣ ሆስፒታልና ማደሪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ ከተማው ሲከፋ ጥሎ መሄድ አልተቻለም። የዚህን ጣጣ ከሁሉ በላይ ያዩት የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው።

በ1890 የተቋቋመው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሃይድ ፓርክ በሚባለው ሠፈር ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከደቡብ ክፍለ አገሮች የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን በከተማይቱ ቤት የሚያገኙት በጥቂት ሠፈሮች ብቻ ነበር፤ ሌላው በመድልዎ ተዘግቶባቸዋል። በዚያው ጠባብ ሥፍራ ሕዝቡ ተጨናነቀ፤ ቤቶቹ አረጁ፤ ወንጀል በረከተ። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚያ መላክ ፈሩ፤ የኮሌጁ ተማሪ ቁጥርም አሽቆለቆለ። ዩኒቨርሲቲው በ1952 ለሠፈሩ ጸጥታና እድሳት የሚሠራ አንድ ኮሚሽን እንዲቋቋም ዋናውን ሚና ተጫወተ። በ1958 የከተማው ምክር ቤት የእድሳቱን ዕቅድ አጸደቀ። ብዙ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ ብዙ ድኻ ቤተሰቦች፣ በተለይም ጥቁሮቹ፣ ከሠፈሩ ተነሡ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ፖሊስም አደራጀ።

ዩኒቨርሲቲው ተረፈ። ይሁን እንጂ «ሠፈሩ ሰላም ሆነ» ሲባል ለማን ሰላም እንደሆነና ዋጋውን ማን እንደከፈለ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአንዱ ልጅ ያለ ሥጋት እንዲማር የሌላው ልጅ ቤት ፈርሷል። በኒውዮርክም የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከሃርለም ጋር በሚዋሰነው ሞርኒንግሳይድ ፓርክ ውስጥ ጂምናዚየም ለመሥራት ማሰቡ በ1968 ለተነሣው የተማሪዎች ዓመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የክራክ ኮኬይን ንግድና ጠመንጃ ተደምረው የአሜሪካን ከተሞች ስም ይበልጥ አጠቆሩት። በ1990 በኒውዮርክ ከተማ ከ2,200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በ1991 የካቲት ወር የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ወጣት በኒው ሄቨን ከተማ፣ ከግቢው ብዙም ሳይርቅ በጥይት ተገደለ። ዜናው በመላ አገሪቱ ተሰማ። በየቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው ክርክር ምን እንደነበረ መገመት አያዳግትም። እናት «የትም ይማር፣ ከተማ ውስጥ ግን አይሆንም» ትላለች፤ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስም ይዞ ይሟገታል።

የቤተልሔም ሌሊት

እንዲህ ያለውን ክርክር ቀደም ብሎ ያደረገ አንድ ቤተሰብ ነበር። ጂን ክለሪ የፔንስልቬንያ ልጅ ናት። በኒው ኦርሊንስ ከተማ የሚገኘውን ቱሌን ዩኒቨርሲቲን ለመግባት አስባ ነበር። ወላጆቿ ግን አንዲት የቱሌን ተማሪ ከግቢው ውጪ መገደሏን ሰሙና ሐሳባቸውን ለወጡ። ትልቁ ከተማ ቀረና በዚያው በፔንስልቬንያ፣ ቤተልሔም በምትባል ከተማ፣ በኮረብታ ላይ የተሠራው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ተመረጠ። ዛፉ የበዛ፣ ጸጥ ያለ፣ ለቤታቸውም የማይርቅ ነው። ማንኛውም ወላጅ የሚመርጠውን መረጡ።

ሚያዝያ 5 ቀን 1986 ንጋት ላይ ጂን በዶርሟ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች ተደፍራ ተገደለች። 19 ዓመቷ ነበር። የገደላት ከከተማ የመጣ ወሮበላ አልነበረም፤ እዚያው ሊሃይ የሚማር ተማሪ ነበር። ለመስረቅ ሲገባ በራሳቸው ሊቆለፉ የሚገባቸውን ሦስት በሮች አለፈ። ሦስቱም በሮች ነዋሪዎቹ ለመግባትና ለመውጣት እንዲመቻቸው ብለው ዕቃ ደግፈው ክፍት የተዉአቸው ነበሩ። ገዳዩ በሚቀጥለው ዓመት ሞት ተፈረደበት፤ በኋላም ይግባኙን ሲተው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ወላጆቿ ሐዋርድና ኮኒ ክለሪ ከሐዘናቸው ቀና ሲሉ አንድ ጥያቄ አነሡ። «እኛ ምን እናውቅ ነበር?» ሲመረምሩ ከልጃቸው ሞት በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በዚያ ጸጥተኛ ግቢ ውስጥ 38 የኃይል ወንጀሎች መፈጸማቸውን ደረሱበት። ይህን ማንም አልነገራቸውም። የቱሌንን ዜና የሰሙት ጋዜጣ ስለጻፈው ነው፤ የሊሃይን ያልሰሙት ደግሞ የሚጽፈው ስላልነበረ ነው። እንግዲህ አንዱን ከተማ ከሌላው ያነጻጸሩት በተሰማውና ባልተሰማው መካከል እንጂ በአደገኛውና በሰላማዊው መካከል አልነበረም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሆኖ እንዳይቀር ባልና ሚስቱ ጉዳዩን ወደ ሕግ አወጡት። ዩኒቨርሲቲውን ከሰው በስምምነት ካገኙት ገንዘብ በ1987 በኮሌጅ ግቢዎች ደኅንነት ላይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1988 የፔንስልቬንያ ክፍለ ግዛት ኮሌጆች ወንጀላቸውን በግልጽ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ኅዳር 8 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) የፌደራሉን ሕግ ፈረሙ። በ1998 ሕጉ በጂን ክለሪ ስም ተሰየመ።

ዜሮ የተባለው ቁጥር

ሕጉ የሚያዘው በአጭሩ ይህን ነው። ከፌደራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ በየዓመቱ እስከ ጥቅምት 1 ቀን ድረስ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የወንጀል ቁጥር የያዘ ዘገባ ማውጣት አለበት። ፖሊስ ወይም የጥበቃ ክፍል ያለው ኮሌጅ የዕለት ወንጀል መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። አደጋው ያላበቃ እንደሆነ ተማሪዎችን በጊዜው ማስጠንቀቅ ግዴታ ነው። ያላከበረ ይቀጣል። በ2016 ፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ በ2024 ደግሞ በቨርጂንያ የሚገኘው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ 14 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ቁጥር ሲገኝ ሥራው አላለቀም፤ ቁጥርን ማንበብ ሌላ ትምህርት ይጠይቃል።

አንደኛ፤ ሕጉ የሚቆጥረው በግቢው ውስጥ፣ ኮሌጁ በሚቆጣጠራቸው ሌሎች ሕንፃዎችና ከግቢው ጋር በተያያዙ የሕዝብ ሥፍራዎች የተፈጸመውን ነው። ተማሪው ሦስት መንገድ ተሻግሮ በተከራየው የግል ቤት የሚደርስበት በአብዛኛው ከቁጥሩ ውጪ ነው። ይህም ቁጥሩን ከኮሌጅ ኮሌጅ ለማወዳደር አስቸጋሪ ያደርገዋል፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ የሚያድሩበትና ተማሪዎቹ በየመንደሩ የተበተኑበት ኮሌጅ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ሁለተኛ፤ ትንሽ ቁጥር ሁልጊዜ ምሥራች አይደለም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበር የ2014ን ዘገባዎች ሲመረምር ከአሥር ኮሌጆች ዘጠኝ ያህሉ «በግቢያችን የተመዘገበ የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ዜሮ ነው» ማለታቸውን አገኘ። ይህን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ተጎጂዋ ብትናገር የሚሰማት ሰው ያለበት ኮሌጅ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ተጎጂዋ አፍራና ፈርታ ዝም የምትልበት ኮሌጅ ደግሞ ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ሦስተኛ፤ የከተማ ጠቅላላ ቁጥር ለአንድ ተማሪ የሚነግረው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ ከ1930 ጀምሮ የከተሞችን ወንጀል ቁጥር ሲሰበስብ ኖሯል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ይዞ ከተሞችን በደረጃ መደርደር እንደማይገባ ራሱ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1989 ሎውረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ በሚኒያፖሊስ ከተማ ባደረጉት ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለፖሊስ ከተደረጉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከከተማይቱ አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። ወንጀል በከተማ ላይ እንደ ዝናብ እኩል አይወርድም፤ በአንዳንድ ማዕዘን፣ በአንዳንድ መጠጥ ቤት ደጅ፣ በአንዳንድ ጨለማ መንገድ ይጠራቀማል። «ኒውዮርክ አደገኛ ናት» ማለት እንግዲህ የትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ሳይመልሱ መፍረድ ነው።

አራተኛ፤ ስም ከእውነት በኋላ ይጎተታል። በ1990 ከ2,200 በላይ ሰው የተገደለባት ኒውዮርክ በ2017 የተገደለባት ሰው ከ300 በታች ነበር፤ ሕዝቧ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጨምሯል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ወገኖቻችን በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሠፈር ምግብ ቤት ከፍተው፣ ታክሲ እየነዱ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ እየተማሩ ኑሮ ሲጀምሩ ከተማይቱ «የአሜሪካ የግድያ ዋና ከተማ» ትባል ነበር። በ1991 ከ470 በላይ ሰዎች ተገድለውባታል። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲም በዚያችው ከተማ እምብርት ነው። በ2012 የተገደሉት ቁጥር ወደ 88 ወረደ፤ በ2023 ደግሞ ተመልሶ 274 ደረሰ። በ1991ዱ ወሬ የሚፈራም፣ በ2012ቱ ቁጥር የሚዘናጋም ሁለቱም ያለፈ ዘመን ካርታ ይዘው ይጓዛሉ።

ሠፈር የሚጠብቀው ማነው?

አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ጄን ጄኮብስ በ1961 ባሳተመችው የታላላቅ ከተሞችን ሞትና ሕይወት በሚመረምረው መጽሐፏ አንድ ቀላል ነገር አስተምራለች። የመንገድን ሰላም በመጀመሪያ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን ራሱ ነዋሪው ነው ትላለች፤ ባለሱቁ፣ በመስኮት የሚመለከተው፣ ወጪ ወራጁ። ሰው የበዛበት መንገድ ዓይን የበዛበት ነው። ይህን እኛም እናውቀዋለን፤ እስከ ምሽት ክፍት የሆነ የጉልት ገበያና ኪዮስክ ያለበት ሠፈር፣ ጭር ካለው የቪላ መንደር ይልቅ ለብቸኛ መንገደኛ ይሻላል።

የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይህን የተረዳው በመከራ ነው። በ1996 መኸር በምዕራብ ፊላደልፊያ በተማሪዎችና በሠራተኞች ላይ ተከታታይ ጥቃት ደረሰ፤ አንድ ተመራማሪም በስለት ተወግቶ ሞተ። ወላጆች ተቆጡ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጁዲት ሮዲን ዘበኛ ጨመሩ፤ ነገር ግን በዚያ አላቆሙም። በመንገዱ መብራት እንዲተከል፣ ሱቆች እንዲከፈቱ፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች በሠፈሩ ቤት እንዲገዙ ተደረገ። ከከተማው ጋር በመተባበርም በ2001 ለሠፈሩ ልጆች የሚሆን የሕዝብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የል ዩኒቨርሲቲም ከ1994 ጀምሮ ሠራተኞቹ በኒው ሄቨን ቤት እንዲገዙ ገንዘብ ይረዳል። ይህም ቢሆን ያለ እንከን አይደለም፤ ሠፈር ሲያምር ኪራይ ይወደዳል፤ ድኻው ዳግመኛ ይገፋል። ሆኖም ሠፈርን አፍርሶ ሰላም ከመፈለግና ከሠፈር ጋር ኖሮ ሰላም ከመፈለግ ሁለተኛው እንደሚሻል ከቺካጎ እስከ ፊላደልፊያ ያለው ታሪክ ይመሰክራል።

ጥያቄውን ማስተካከል

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ የሚሞላ ተማሪ ቤት ውስጥ ከወላጅ ጋር የሚመካከረው ስለ ትምህርት ክፍሉ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለው ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሲዛመት፣ ብዙዎች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ያን ጊዜም አደጋው የመጣው ከከተማ ሌባ አልነበረም፤ በግቢ ውስጥ፣ በማደሪያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ትልቅ ከተማ ወይስ ትንሽ ከተማ የሚለው ጥያቄ ያን ሌሊት ለማንም አልጠቀመም።

ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ወረድ ያለና የተጨበጠ ነው። ልጄ የሚያድርበት ሕንፃ በር በሌሊት ይዘጋል ወይ? የሚዘጋውስ ማነው? ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያ ያለው መንገድ መብራት አለው? ልጄ አንድ ነገር ቢደርስባት ለማን ትነግራለች? የነገረችውስ ሰው ይመዘግባል ወይስ የተቋሙን ስም ለመጠበቅ ይሸፍናል? ባለፉት ሦስት ዓመታት የደረሰው ምንድን ነው? ከኮሌጁ ኃላፊ ሌላ፣ እዚያው የሚኖር ተማሪ ስለዚህ ምን ይላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳይቆጣ መልስ የሚሰጥ ትምህርት ቤት፣ ከተማው የቱንም ያህል ቢታማ፣ ከሚሸሽግ ትምህርት ቤት ይሻላል።

ሐዋርድና ኮኒ ክለሪ ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስላቸው ሕግ አልነበረም። አሁን አለ፤ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚወጣው ዘገባም የልጃቸውን ስም በያዘ ሕግ መሠረት ይታተማል። የሚቀረው ዘገባውን ከፍቶ ማንበብና፣ ካነበቡ በኋላም ማታ ሄዶ በሩን መግፋት ነው።